እጅ ሲደነዝዝ ትከሻን መፈተሽ

ጌዶ ደጋ ናት። ከአምቦ ተነስቶ በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ይህች የጨሊያ ወረዳ ከተማ ማለዳዋ ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ ትከሻው የሚጠዘጥዘው፣ ክንዱ የሚለበልበው፣ ጣቱ የሚደነዝዘው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከሰው ብርዱን ነው። ጋቢ ይደረባል፤ ቅባት ይታሻል፤ ካልተሻለም ወጌሻ ይጠራል። እርግጥ ብርድ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ሕመምንም ያባብሳል። ነርቭ ግን ከብርድ ይልቅ የሚፈራው ጭነትን ነው።

ጭነት ደግሞ በዚህ አካባቢ ሞልቷል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ሴቶች በጀርባቸው አዝለውት ገመዱን በትከሻቸውና በደረታቸው ያሳልፉታል፤ ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ የክንድ ነርቮች ከሚያልፉበት ብዙ አይርቅም። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን በአንድ ትከሻው ይዞ ማሳው ድረስ ይወርዳል። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ከመኪና የሚወርደውም በሰው ጫንቃ ነው። ከባድ ነገር የማያነሱትም ቢሆኑ አያመልጡም። ቀኑን ሙሉ እጇን አንስታ ሹሩባ የምትሠራዋ፣ ስፌት መኪናው ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሚውለው መምህር ለዚሁ ሕመም የተጋለጡ ናቸው።

ትከሻ የለመደውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለማየት ኃይሌ ገብረሥላሴን ማስታወስ ይበቃል። አሰላ አጠገብ ልጅ ሳለ ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን በሚሰብርበት ዘመንም ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሁሉ እጥፍ ብሎ ይታይ ነበር። የኃይሌ በሽታ አልነበረም። በየቀኑ 20 ኪሎ በአንድ ወገን የሚያንጠለጥል ሰው ግን ልማዱ በአቋም ብቻ ላይቀር ይችላል።

ይህ መመሪያ ሐኪምን አይተካም። ነርቩ የት አካባቢ እንደተያዘ በግምት እንዲያውቁ፣ የሚያስቸኩለውን ከማያስቸኩለው እንዲለዩና ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ትከሻዬን ያመኛል» ከማለት ያለፈ ነገር ይዘው እንዲቀርቡ ለመርዳት የተጻፈ ነው።

ነርቩ በየት ይሄዳል?

ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች መነሻቸው ትከሻ ሳይሆን አንገት ነው። በየጎኑ አምስት የነርቭ ሥሮች ከታችኛው የአንገት አከርካሪና ከደረት አከርካሪ መጀመሪያ ይወጣሉ። ተገናኝተውና ተከፋፍለው በአንገት ጎን ባሉ ሁለት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ። ቀጥለው ከአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ በተጋደመው አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መሃል ይሾልኩና በደረት ጡንቻ ሥር አድርገው ብብት ይገባሉ። አንዳንዶቹ ቅርንጫፎች ከዚህ በፊት ተነጥለው ወደ ትከሻ ጀርባና ወደ ጎድን ይሄዳሉ፤ የቀሩት እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳሉ። ማለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ነርቩ ከአንገት እስከ አንጓ ባለው መንገድ በማናቸውም ላይ ሊጫን ይችላል።

መንገዱ ጉደር ላይ ቢዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መኪና የሚያጣው ጌዶ ነው፤ ጌዶ መናኸሪያ ቆሞ መንገድ መጥረግ ግን ለማንም አይጠቅምም። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ጣቱን፣ ትከሻው የሚያቃጥለው ትከሻውን ሲያሽ የሚከርመው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ሕመሙ የሚሰማበት ቦታና ነርቩ የተያዘበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

አስቀድሞ አደጋውን ማግለል

የግራ ትከሻና ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ የልብ ሊሆን ስለሚችል ማንበብዎን ትተው ሆስፒታል ይሂዱ። አንድ ወገን እጅና እግር በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብለው ይነሱ።

ሁለቱም እጆች ቁልፍ መቆለፍ ወይም እህል መልቀም ሲያቅታቸው፣ እግር ሲገተርና ሲደናቀፍ፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል የተጫነው አንድ ነርቭ ሳይሆን በአንገት ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ሊሆን ይችላል። ይህ በመታሸት የሚሞከር አይደለም።

የመኪና ወይም የሞተር አደጋ፣ ከዛፍ ወይም ከፈረስ መውደቅ ካለም እንዲሁ። አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ አንገቱ ተጎዳ፤ ከመኪናው የወጣውም በማግስቱ ጠዋት ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታክሞ የእጆቹን እንቅስቃሴ መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዚያው እጁ በዊልቸር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ከዚህ ለአንባቢ የሚጠቅመው፣ ከአደጋ በኋላ አንገቱን ያመመውን ወይም እጁ የዛለበትን ሰው ጎትቶ ማቆም እንደማይገባ ነው። አንገቱን በግራና በቀኝ በተጠቀለለ ልብስ ደግፎ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ ማጓጓዝ ይገባል።

ሌሎቹ ምልክቶች ዝግ ብለው የሚመጡ ናቸው። ማታ ማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። ለብዙ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ትከሻው ሌሊት እየጠዘጠዘው በዚያው ወገን የዓይኑ ቆብ ከወደቀ የሳንባ ጫፍ እጢ ይታሰባል። ክንድ ቢያብጥና ቢጠቁር ወይም ቢነጣና ቢቀዘቅዝ የተያዘው የደም ሥር ነው፤ ያው ቀን መታየት አለበት። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንድ ክንዱን ካላነሳ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ነርቩ ተስቦ ሊሆን ስለሚችል «ያድጋል፣ ይሻለዋል» ሳይባል ለሐኪም ይታይ።

ካርታውን በእስክሪብቶ መሳል

ከላይ ያለው ሁሉ ከሌለ ጊዜ አለዎት ማለት ነው። እስክሪብቶ ያንሱና የሚደነዝዘውን ቦታ ዙሪያውን ቆዳዎ ላይ ያስምሩ። ጥጥ ወስደው ከጤነኛው ወገን ጋር እያነጻጸሩ ይንኩ፤ ስሜቱ የቀነሰበትን ድንበር ይፈልጉ። በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ አያጥፉት።

አሁን ካርታውን ያንብቡ። መደንዘዙ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ይዞ ከአንገት የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም የመሃል ጣትን ከያዘና ክንድን መዘርጋት ካቃተ፣ አንገት ላይ የተጫነ የነርቭ ሥር መጠርጠር አለበት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከክንድ ውስጠኛ ጎን ጋር ሲደነዝዙ፣ በተለይ እጅ ሲነሳ ወይም ሸክም ሲንጠለጠል የሚብስ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት ዘንድ ወዳለው ማለፊያ ያዘነብላል። ትከሻው ወልቆ ከተመለሰ በኋላ የትከሻ ውጫዊ ጎን፣ የወታደር ማዕረግ የሚሰፋበት አካባቢ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ከደነዘዘ መገጣጠሚያውን ዞሮ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቷል። መደንዘዝ ሳይኖር ከትከሻ በስተጀርባ ጥልቅ ሕመም ካለና ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ከደከመ በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጠርዝ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ይሆናል።

ትከሻ የማይመለከታቸውም አሉ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ሰውዬውን ካነቁትና እጁን ሲያራግፍ ከቀለለው የተያዘው አንጓው ላይ ነው። ክርንን አጥፎ ሲተኙ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ክርኑ ላይ ነው። ጠጅ ቤት አምሽቶ ክንዱን በወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ ያንቀላፋ ሰው ጠዋት አንጓው ወደ ታች ወድቆ ሲያገኘው የተጫነው የክንድ ነርቭ ነው፤ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይመለሳል። ክራንች የሚጠቀም ሰው ተመሳሳይ ነገር ከገጠመው ጥፋቱ የክራንቹ ቁመት ነው። የክራንቹ ጫፍ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም።

በአንድ ወገን በመስመር ሕመም ጀምሮ ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሻለው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ አይዘግዩ። አንድ ነገር ደግሞ በኢትዮጵያ ሊዘለል አይገባም፤ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ስሜት የለሽ ምልክት ካለ፣ ወይም ከክርን ጀርባ ያለው ነርቭ ወፍሮ በጣት ከተዳሰሰ፣ የሥጋ ደዌ መመርመር አለበት። በሽታው አልጠፋም፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርትም ነባር የሕክምናና የሥልጠና ማዕከሉ ነው። ሁለቱም እጆችና ሁለቱም እግሮች በጓንትና በካልሲ ልክ ከደነዘዙ ደግሞ ስኳርን፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትንና መጠጥን ይጠርጥሩ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ 6 አብሮ እየተሰጠው መሆኑን ይጠይቅ።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ፍተሻዎች

አንድ ሰው አጠገብዎ ይሁን። በቀስታ ወደሚያመው ወገን ዞረው ቀና ይበሉ። ሕመሙ ትከሻ ላይ ሳይቀር ወደ ክንድና ወደ ጣት ከተወረወረ ወደ አንገት ያመለክታል። ሐኪሞች ይህን ሲያደርጉ ጭንቅላትን ከላይ ይጫናሉ፤ እርስዎም ሆኑ ረዳትዎ አይጫኑ። ከዚያ የሚያመውን እጅ መዳፉን አናትዎ ላይ ያሳርፉ። ሕመሙ ቀለል ካለ አሁንም አንገት ነው፤ ብዙ ታማሚዎች ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡት እፎይታ ስለሚያገኙበት ነው። በተቃራኒው እጅ ሲነሳ መደንዘዙ ከባሰ ወደ ጎድን አጥንቱ ማለፊያ ያዘነብላል።

ለዚህኛው የሚሆን ሌላ ፍተሻ አለ። ሁለቱን ክንዶች በትከሻ ቁመት ወደ ጎን ከፍተው ክርንዎን ወደ ላይ አጥፈው መዳፍዎን ቀስ እያሉ ይክፈቱና ይዝጉ፤ እስከ 3 ደቂቃ። ጤነኛም ይደክመዋል። አንድ ወገን ግን ከሌላው ቀድሞ ደንዝዞና ዝሎ ከወደቀ ትርጉም አለው።

ሸሚዝዎን አውልቀው ግድግዳ ፊት ይቁሙና በሁለት መዳፍ ግድግዳውን ይግፉ፤ ረዳትዎ ጀርባዎን ይይ። አንደኛው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ከጀርባ ተነስቶ ወደ ውጭ ከወጣ አጥንቱን ደረት ላይ የሚያጣብቀው ጡንቻ ነርቭ ተጎድቷል። ከባድ የጀርባ ሻንጣ በሚሸከሙ ወታደሮች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። የትከሻው መገጣጠሚያ ራሱ የደረቀ እንደሆነም እግረ መንገድዎን ይለዩ፤ ሌላ ሰው ክንድዎን ሊያነሳልዎ ሲሞክር ካልሄደለት ችግሩ መገጣጠሚያው ነው፤ ይህ በስኳር ሕሙማን ላይ ይበዛል። ሌላ ሰው ሲያነሳው የሚሄድ፣ እርስዎ ሲሞክሩ የማይሄድ ክንድ ግን ነርቩ ወይም ጅማቱ የተጎዳ ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው የሚዘለው ግን እሱን ነው። ጉልበትዎን ይለኩ። በሁለቱም እጆች የረዳትዎን ሁለት ጣቶች ጨብጠው ይጭመቁ፤ ክርንዎን አጥፈው ሲጎትትዎ ይቋቋሙ፤ ክንድዎን ወደ ጎን አንስተው ሲጫንዎ ይያዙ። በአውራ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ሥጋ በግራና በቀኝ ያስተያዩ። አንድ ወገን ከከሳ ወይም ከዛለ ቀጠሮ አይለዋውጡ።

ለምን ቢሉ፣ የተጫነ ነርቭ ሽፋኑ ብቻ ከተጎዳ ጫናው ሲነሳ በሳምንታት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ገደማ ይመለሳል። የውስጡ ክር ከተቆረጠ ግን ዳግም የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከትከሻ እስከ መዳፍ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲያ እየሟሸሸ የመመለስ አቅሙን ያጣል። ሰው በሕመም ይጮኻል፣ በመዛል ዝም ይላል። በነርቭ ጉዳይ ግን ሕመም እያለ ኃይል ያልቀነሰበት ሰው ሊታገስ ይችላል፤ ሕመሙ ጠፍቶ እጁ የዛለበት ነው መሮጥ ያለበት።

ሐኪም ዘንድ

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ቅደም ተከተል ጠብቀው ይያዙ፤ በመሃል ዘልለው ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከጤና ጣቢያ ወደ ጌዶ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ አምቦ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካሉ። የሳሉትን ካርታ ፎቶ ያሳዩ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚብስ፣ ምን ያህል ኪሎ በየትኛው ትከሻ እንደሚሸከሙ በግልጽ ይናገሩ፤ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ሥራዎን ይንገሩት።

ጥሩ ምርመራ በአብዛኛው በእጅ የሚደረግ ነው፤ መዶሻ፣ ጥጥና የሐኪሙ ጣት ይበቃሉ። የአንገት ኤክስሬይ የአጥንት ጉዳትንና ተጨማሪ የጎድን አጥንትን ያሳያል። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ በማይሞላ ቁጥር ከአንገት አከርካሪ የሚበቅል ትርፍ የጎድን አጥንት ይገኛል፤ ነርቩን ከሥር ሊገፋው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ውስጥ ሆልምስ ኩት የተባለ ቀዶ ሐኪም እንዲህ ያለውን አጥንት አውጥቶ ነበር። የስኳር ምርመራ ርካሽ ነው፤ ይጠይቁ። ኤምአርአይና የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያደርሳሉ። የኤሌክትሪኩ ምርመራ ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሳምንት ሳይሞላው ከተደረገ ጉዳቱን ላያሳይ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ አያፍሱበት። የኒውሮሎጂ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ስፔሻሊስት ፍለጋ መጉላላት የሚበዛውም ሙያው በአገራችን ገና ወጣት ስለሆነ ነው።

ኤምአርአይ ላይ ስለሚታይ ዲስክ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ምንም ሳያመው የተገፋ ዲስክ ሊኖረው ይችላል። ፊልሙ ከእስክሪብቶው ካርታ ጋር ካልተስማማ ፊልሙ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም።

ስድስት ሳምንት

ኃይል ካልቀነሰ ሕክምናው የሚጀምረው ጫናውን በማንሳት ነው፤ ከመድኃኒት በፊት። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር ይተኩ፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ። አህያ፣ ጋሪ ወይም ካሪዮላ ከተገኘ ለስድስት ሳምንት ትከሻዎን ያሳርፉት። ማዘል ግድ ከሆነ ገመዱን በሰፊ ጨርቅ ይለውጡ፣ ከሥሩ የታጠፈ ነጠላ ያድርጉ። ሞፈር የሚሸከም በየጥቂቱ ትከሻ ይቀያይር። የተማሪ ቦርሳ በሁለቱም ትከሻ ይታዘል፤ ከልጁ ክብደት ከአሥር አንድ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ሹሩባ የምትሠራው ደንበኛዋን ዝቅ ባለ በርጩማ ታስቀምጥ። ይህን ሁሉ ለሚመክር ሰው «ታዲያ ውኃውን ማን ይቅዳ?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከታማሚዋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባልና ከልጆችም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ሲተኙ በሚያመው ጎን አይተኙ፤ እጅዎን ከራስዎ በላይ አያድርጉ። በጤነኛው ጎን ተኝተው ትራስ ማቀፍ ትከሻውን ያሳርፈዋል። ክንድን ለሳምንታት በፎጣ አንጠልጥሎ ማሰር ግን ጉዳት አለው፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

እንቅስቃሴዎቹ በቀን ሦስት ጊዜ ቢደረጉ ጥሩ ነው። አገጭዎን ሳያቀረቅሩ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ እስከ 5 ይቁጠሩና ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። ሁለቱን የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ጀርባ መሃል ያቀራርቡ፤ ይህንንም እንዲሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የብስክሌት ካላማዳሪ በምሰሶ አስረው በሁለት እጅ ወደ ወገብዎ እየጎተቱ ያጠንክሩት። በር ላይ ቆመው ክንድዎን በትከሻ ቁመት መቃኑ ላይ አስደግፈው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዱ፤ ደረትዎ ሲሳብ 20 ሰኮንድ ይቆዩ። ነርቩን ለማንሸራተት ክንድዎን ወደ ጎን ዘርግተው ክርንዎን በቀስታ ይጠፉና ይዘርጉ፤ 10 ጊዜ ያህል፣ ሳይቆዩበት። በማንኛውም እንቅስቃሴ መደንዘዙ ከጨመረና ካቆሙ በኋላም ካልሄደ ያን እንቅስቃሴ ይተዉት። በሆድ መተንፈስንም ይልመዱ፤ ነርቮቹ በመሃላቸው የሚያልፉት የአንገት ጡንቻዎች በደረት ሲተነፈስ ስለሚሠሩ ሳያርፉ ይውላሉ። ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ይህን ሁሉ እርስዎ ላይ አስተካክሎ ያሳይዎታል።

መድኃኒት፣ ወጌሻና ፍል ውኃ

በፓራሲታሞል መጀመር ይቻላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከምግብ በኋላ ለአጭር ጊዜ ይወሰዳሉ፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ለሚያቃጥልና ኮረንቲ ለሚመስል ሕመም ሐኪም በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል፤ ሥራቸውን ለማሳየት ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃሉ። የሚያስተክዘው ነገር ሌላ ነው፤ ትከሻውን ያመመው ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። የቢ ቫይታሚን መርፌ እጥረት ለሌለበት ሰው የተጫነ ነርቭ አያስለቅቅም። ቂጥ ላይ በስህተት የተወጋ መርፌ የእግርን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ዴክሳሜታሶን ያለ ምርመራ ከተወጋ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የተደበቀ ቲቢንም ሊቀሰቅስ ይችላል። መርፌ ሲቀርብልዎ ስሙን ይጠይቁና ያስጽፉት።

ወጌሻ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ሊያሽ፣ የተኮማተረ ጡንቻ ሊያላላ ይችላል። አንገት እንዲያስጮህ ወይም የደነዘዘ ክንድ እንዲጎትት ግን አይፍቀዱለት። ዋግምትና ብጣት ነርቭ አያስለቅቁም፤ መሣሪያው ንጹሕ ካልሆነም የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋሉ። የአምቦ ፍል ውኃ ጡንቻ ያፍታታል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ከቆይታ በኋላ እንቅስቃሴ መሥራት ይቀላል። የደነዘዘ ቆዳ ግን ሙቀት አያውቅምና ቤት ውስጥ በጋለ ፎጣ ወይም በፍል ውኃ ሲጠቀሙ አስቀድመው በጤነኛው እጅ ይለኩ።

ካልተሻለስ?

አንገት ላይ የተያዘ ነርቭ ተስፋው ብዙ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1990 ድረስ የተመዘገቡ 561 ታማሚዎች ተከታትለው ሲታዩ ከመቶ 90ዎቹ በመጨረሻው ምርመራ ምንም ምልክት ያልነበራቸው ወይም ቀላል ችግር ብቻ የቀራቸው ነበሩ፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከመቶ 26 ናቸው። በጎድን አጥንት ማለፊያ ለተያዘውም ቢያንስ ሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ ይቀድማል። የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት የተነሳበት ሰው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ይድናሉ።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ኃይል እየቀነሰ ሲሄድ፣ ጡንቻ ሲከሳ፣ ትርፍ አጥንት ወይም እጢ ነርቩን እንደገፋው ሲረጋገጥ፣ ወይም ሕመሙ ለወራት የታዘዘውን ሁሉ አልፎ እንቅልፍ ሲነሳ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲላኩ ለሐኪሙ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ይሻለኛል ወይ?» ብቻ አይሁን። የትኛው ነርቭ፣ የት ቦታ፣ በምን ማስረጃ እንደተያዘ ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ያስታግስ ይሆን ወይስ ጉልበቱን ይመልስ የሚለውንም ይጨምሩበት፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም።

የተሻለው ሰው ወደ ሸክም የሚመለሰው በመጠን ነው። በወሩ የእስክሪብቶውን ካርታ እንደገና ስለው ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ያስተያዩ፤ የደነዘዘው ቦታ ከጠበበና ጭብጥዎ ከጤነኛው እጅ ጋር ከተካከለ በ5 ሊትር ይጀምሩ። ሳምንቱን ያለ ምልክት ካለፉ 10 ሊትር ይሞክሩ። መደንዘዙ ሸክሙን ካወረዱ በኋላም ማታ ድረስ ከቆየ ወደ ቀድሞው መጠን ይውረዱና ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ እጁ ከዛለ ግን መለካቱን ትተው የሪፈር ወረቀትዎን ያውጡ።